የእማዬ ስልክ ላይ አልራገፍ ያሉት

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

…ስልኩን ያመጣህላት ቀን ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ክዳኑን በጣቶቿ ስትዳብስ፣ አንተ ከኋላዋ ቆመህ «ቀስ እማዬ፣ መስታወት ነው» ስትላት፣ እሷ አዲስ ጫማ እንደተገዛላት ልጅ አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው። ከዚያ ምን ነበር ያለችው? «ይሄስ እንኳ…» ብላ ጀምራ ነበር። እንኳ ምን? ከጠዋት ጀምሮ እሱን ለማስታወስ እየታገልኩ ነው። ልክ ሊመጣልኝ ሲል ስልኩ ጮኸ። ሐኪም ቤቱ መስሎኝ የያዝኩትን ቀሚስ ጥዬ፣ መርፌው አውራ ጣቴን ወግቶኝ፣ ሮጥኩ። የፈረስ እሽቅድምድም ማስታወቂያ ነው። «የዛሬው አሸናፊ ማን ይመስልዎታል?» ይላል።

እንደምን ሰነበትክ ወንድሜ? ሰላምታውን ወደ ታች ያወረድኩት ስለተናደድኩ ነው፤ ይቅር በለኝ። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ እንደምታውቀው ነን ማለቴ ነው።

ስልኩ ላይ ተጭነው ከመጡት አፖች «የቱ ነው የሚያስቸግራችሁ?» ላልከኝ፣ ሁሉም። ግን እንደ መጥፎ ጎረቤት ደረጃ ደረጃ አላቸው። የአየር ሁኔታው ይለፈልፋል እንጂ አይጎዳም፤ ዝናብ እላያችን ላይ እየወረደ ፀሐይ ነው ይለናል። የዕድል መንኮራኩሩ እየተሽከረከረ «እንኳን ደስ አለዎት» ይላል፤ በምን እንደሆነ አይናገርም። ጠላቴ ያ የጥሪ ማስጌጫ የሚሉት ነው። ሲደወል ስክሪኑን በአበባ ይሸፍንና ማንሻውን አረንጓዴ ወደ ላይ ይገፋዋል። እማዬ አረንጓዴውን በዓይኗ አይደለም የምታገኘው። መስታወቱ ላይ የክር ቋጠሮ በሙጫ ለጥፌላታለሁ፤ በጣቷ ትዳብስና ከቋጠሮው ሥር ትነካለች። እስክትለምደው ድረስ ሁለታችንም ተላልቀን ነበር። አሁን ከቋጠሮው ሥር የሚመጣው አረንጓዴ አይደለም፤ «አዎ፣ መዝግቡኝ» የሚል ነው። ወንድሜ፣ እናትህ የፈረስ ውድድር ተከታታይ ሆናለች።

ነገሩን ታውቀዋለህ፤ ግን ወረቀት ላይ ሰፍሮ ልየው። የዓይን ብሌን የተገኘ ቀን ሐኪም ቤቱ ይደውልላታል። ካላነሳች ይደግሙላታል። አሁንም ካላነሳች ለሚቀጥለው ተረኛ ያልፋል። ብሌን እንደ ጨርቅ ታጥፎ ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም። ነርሷን «የኔን ቁጥር ያዙልኝ» ብዬ ለምኛት ነበር። ከዚህ በፊት አንድ ዘመድ አንስቶ «እናመጣቸዋለን» ብሎ፣ ለካ ተረኛው ከሞቱ ሰንብተዋል። ከዚያ ወዲህ ተረኛው በገዛ ስልኩ፣ በገዛ ድምፁ «እመጣለሁ» ካላለ አይሆንም አለችኝ። ሟቹን ረግሜ ወጣሁ፤ ይቅር ይበለኝ።

አንተ ስልኩን በሚሸጠው ድርጅት ውስጥ፣ ያውም ስልኩ ከመሸጡ በፊት ምን ይጫንበት የሚባልበት ክፍል ውስጥ ተቀምጠሃል። «በስልክ አታንሽብኝ፣ የኔም ስልክ የእነሱ ነው» ስላልከኝ ይኸው በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ እየጻፍኩልህ ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እንዴት ነው የማወጣቸው?

እህትህ


የካቲት 7፣ ዓርብ

እታለም፣

ሾፌሩ ደብዳቤሽን ጥበቃው ጋ ትቶልኝ ሄደ። ጥበቃው በሁለት እጁ ይዞ፣ አገላብጦ አየውና «ሰው አሁንም ይጻጻፋል?» አለኝ። ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ አላውቅም። ኪሴ ከትቼው ስብሰባ ገባሁ። ወረቀቱ ደረቴ ላይ ሲንኮሻኮሽ ሰው ሁሉ የሚሰማው መሰለኝ።

ሌላም እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ፤ በየተራ ልመልስ። «ለምን እንዳይወጣ አድርጋችሁ ሠራችሁት?» እኛ አልሠራነውም፤ እኛ ቦታ ነው የምናከራየው። ስክሪኑ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ካሬ እንደ ሱቅ መደርደሪያ ናት፤ ተከራይ አላት። ተከራይ ያለውን ቤት ደግሞ አከራይ አያፈርስም። በቢሯችን ግድግዳ ላይ የሚሸጡት ስልኮች በሙሉ በሽቦ ታስረው፣ በርተው ይውላሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ «እንኳን ደስ አለዎት» ሲሉ ማንም ቀና ብሎ አያይም። እኔም አላይም ነበር። አሁን በጮኹ ቁጥር እማዬን ነው የማያት።

«ሲሙን አውጥቼ በኔ አሮጌ ስልክ ላይ ላድርገው?» አይሠራም። ለሠራተኛ ቤተሰብ ተብሎ የተሰጠ ስለሆነ ሲሙ ከዚያ ስልክ ሲወጣ ይቆለፋል። አትሞክሪው።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ማውጣት የምትፈልጊውን አፕ በጣትሽ ተጭነሽ ቆዪ። «የመተግበሪያ መረጃ» ይላል፤ ግቢበት። «አራግፍ» የሚለውን ደብዝዞ ታገኚዋለሽ፤ ብትነኪው አይሰማም፤ አትድከሚ። ከጎኑ «አሰናክል» የሚል አለ። እሱን ንኪ። «ሌሎች ነገሮች ሊበላሹ ይችላሉ» እያለ ያስፈራራሻል። አትስሚው፤ ለሁሉም እንዲያ ነው የሚለው።

ይህን የነገርኩሽ እኔ መሆኔን ለማንም አትንገሪ። ማጋነኔ አይደለም። ከአጠገቤ ይቀመጥ የነበረ አንድ ልጅ ለደንበኛ እንዲህ ያለውን ምክር በስልክ ሲሰጥ ተሰምቶ፣ በማግስቱ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘሁት። ስለሱ ያነሳ የለም። ወንበሩን እንኳ አልቀየሩለትም።

እማዬ እጇን ያሰረችው ለምንድን ነው? ሾፌሩ ለጥበቃው ነግሮት ነው የሰማሁት።

ወንድምሽ


የካቲት 12፣ ረቡዕ

ወንድሜ፣

ሾፌሩ ምላሱ ከመሪው ይፈጥናል። ስለ እጇ፣ ሻይ ነው። ብርጭቆው ያለ መስሏት ከአጠገቡ ቀዳችው። ቀላል ነው፤ ቀባሁላት፤ ድኗል። ላልነግርህ ነበር። የቀኝ ዓይኗም እየደከመ መሆኑን ደግሞ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ፤ ሌላ ሰው ከሚነግርህ።

ያልከኝን ሁሉ አደረግሁ። የአየር ሁኔታው ተሰናከለ። ሙዚቃው ተሰናከለ። የዕድል መንኮራኩሩ ተሰናክሎ ነበር፤ እሁድ ጠዋት «ታድሻለሁ» ብሎ ተመልሶ መጣ። እኔ እንኳ አልታደስኩም። የጥሪ ማስጌጫው ላይ ግን «አራግፍ» ብቻ ሳይሆን «አሰናክል» የሚለውም ደብዝዟል። ጣቴን እስኪያመኝ ድረስ ተጫንኩት። እማዬ ከአልጋዋ ሆና «ምነው፣ ሰዎቹ አልወጣም አሉ?» ትለኛለች። «ሰዎቹ» ነው የምትላቸው። አንድ ቀን ያ የፈረስ ነገር ሲጠራት አነሳችና፣ ሴትየዋ እስክትጨርስ በትዕግሥት አዳምጣ፣ «የኔ ልጅ፣ እኔ ፈረስ አላየሁም፤ ሌላ ሰው ጠይቂ» አለቻት። የተቀዳ ድምፅ ነው ብላት አላመነችኝም። ሰው ደክሞ ሲያወራ ጆሮ ላይ አይዘጋበትም አለችኝ።

ጥገና ቤት ውሰጂው ብለህ እንዳትለኝ፤ ወስጄዋለሁ። ጠጋኙ ስልኩን አገላብጦ አየና «የዚህን ድርጅት ስልክ ካልከፈትኩት አይሆንም፤ እኔ ጋ ይደር» አለኝ። ቢደወልስ? አልኩት። «አነሳላችኋለሁ» አለ። የእማዬን ድምፅ አስመስሎ ሊያነሳላቸው ነው! ቀምቼው ወጣሁ።

አሁን ሥራዬን ልንገርህ። የስፌት መኪናዬን በረገጥኩ ቁጥር ድምፁ ስልኩን ይሸፍንብኛል ብዬ እግሬን አነሳለሁ። ዝም ብዬ አዳምጣለሁ። ይጮኻል፤ እሮጣለሁ፤ ፈረስ ነው። ተመልሼ እቀመጣለሁ፤ እረግጣለሁ፤ አነሳለሁ። ለሙሽሪት ሚዜዎች የተያዘው ልብስ እጅጌው ሁለቱም ግራ ሆኖ ተሰፍቷል። በሰው እጅ ሳይሆን በኔ እጅ። አንተ ይህን ሁሉ ዓመት ስታውቀኝ እንዲህ ያለ ነገር ከእጄ ወጥቶ ያውቃል?

ስለዚህ «አሰናክል»ህን አስቀምጥልኝና እውነተኛውን መንገድ ንገረኝ። መንገድ እንዳለ አውቃለሁ። ያስገባው ሰው ማውጣቱን አያጣውም። ፈርተህ ከሆነም ፈራሁ በለኝ፤ እሱን እንኳ በወግ እቀበለዋለሁ።

እህትህ


የካቲት 15፣ ቅዳሜ

እታለም፣

ፈራሁ።

አሁን መንገዱን። ኮምፒውተርና የስልኩ ገመድ ያስፈልግሻል። ከቤታችን ማዶ ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤት አሁንም ካለች፣ ሴትየዋ ታውቀዋለች ወይም ስትሞክር ይገባታል። በሌላ ወረቀት ላይ የምትጽፈውን ትእዛዝ አስቀምጬላታለሁ። መጀመሪያ ስልኩ ውስጥ ያሉትን አፖች ሁሉ ስማቸውን ይዘረዝርላታል። ከዚያ በድርጅቱ ስም የሚጀምሩትን እያየች ታውጣቸው። የጥሪ ማስጌጫው ከነሱ አንዱ ነው፤ በስክሪኑ ላይ የሚያሳየው ስምና እውነተኛ ስሙ አይገናኙም፤ ለዚህ ነው አንድ በአንድ ልጠቁምሽ ያልቻልኩት። የራሳችንን ክፍል ሰነድ ከፍቼ ማየት ነበረብኝ። አሁን አልችልም።

ጽፌ ሳነበው «አሁን አልችልም» የሚለው ላይ ቆምኩ። ልሰርዘው ነበር። ይቅር።

ደብዳቤሽን ከእንግዲህ በቢሮ በኩል አትላኪው። ሾፌሩ ቤቴ ያድርስልኝ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አታስቢበት። ቤቴ በቀን እንዲህ ብርሃን እንዳለው አላውቅም ነበር። ጎረቤቴ ከሰዓት በኋላ ምንጣፍ ታራግፋለች። የመስኮቱ መስታወት ላይ የልጅ መዳፍ ታትሟል፤ ከኔ በፊት የነበሩት ተከራዮች ልጅ ይሆናል። እዚህ ከገባሁ ጀምሮ አላየሁትም ነበር።

እማዬን ሳሚልኝ። ስልኳ ላይ ደውዬ ድምፅዋን ብሰማ ደስ ባለኝ፤ ግን ያ ማስጌጫ ካለ እኔ የደወልኩ ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር ላይ ያስመዘግባታል ብዬ ተውኩት። ሲጸዳ እደውላለሁ።

ወንድምሽ


የካቲት 21፣ ዓርብ

ወንድሜ፣ እፎይ።

ሌላ ቃል የለኝም፤ ግን ወረቀቱ ሰፊ ስለሆነ ልቀጥል።

ፎቶ ኮፒዋ አለች፤ ወፍራለች፤ መነጽር አድርጋለች፤ አሁንም ሰው ላይ ትጮኻለች። የላክህላትን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበችና «ይሄን የጻፈው ያ ጥግ ለጥግ የሚሄደው ወንድምሽ ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት። ስልኩን ሰካችው። ስማቸው ስክሪኑ ላይ ሲዘረገፍ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ «ይሄ ስልክ ነው ወይስ ገበያ አዳራሽ?» አለች። ከኋላችን ቅጂ ሊያስነሳ የመጣ ሽማግሌም አንገቱን አስግጎ መቁጠር ጀመረ፤ እሱም የራሱን ስልክ አውጥቶ ተራ ያዘ።

እሷ ትጽፋለች፤ እኔ አያለሁ። አንዱ ወጣ። ሌላው ወጣ። ከዚያ ቆም ብላ «ይሄኛው ‹የመስመር አገልግሎት› ይላል። እሱም በድርጅታቸው ስም ነው የሚጀምረው። ይውጣ?» አለችኝ። ሥራዬን ታውቃለህ። ስፌት ሲፈታ ግማሹን ክር ጨርቁ ላይ ትቶ የሚነሳ ልብስ ሰፊ አላውቅም፤ የቀረችው ክር ናት ኋላ ጨርቁን የምትጨማድደው። «ይውጣ» አልኳት። አንድም ሳላስቀር አስወጣኋቸው።

ቤት ስገባ ስልኩን ከእማዬ ትራስ አጠገብ አስቀመጥኩትና ሁለታችንም ጠበቅነው። ምንም። እራት በላን፤ ምንም። ፈረስ የለም፤ መንኮራኩር የለም፤ ዝናብና ፀሐይ የለም። እማዬ «ወጡ?» አለች። ወጡ እማዬ። «እንግዲህ ሐኪሞቹ ሲደውሉ መንገዱ ክፍት ነው» አለችና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ያን ያህል ስትተኛ አይቻት አላውቅም። እኔም በማግስቱ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ እግሬን ሳላነሳ ረገጥኩ፣ ረገጥኩ፣ ረገጥኩ። የግራውን እጅጌ ቀኝ አደረግሁት። ያ ሁሉ ንዴት ከትከሻዬ ላይ ወርዶ የት እንደሄደ አላውቅም። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ስልኩ ትንፍሽ አላለም። ባንተ አምላክ፣ እንዲህ ዝም የሚል ዕቃ ነው እንዴ የሸጣችሁልን!

አሁን የኔ ተራ ነው። ሾፌሩ በሥራ ሰዓት ቤትህ አገኘሁት፣ ነጠላ ጫማ አድርጓል አለኝ። ጺምህም አድጓል። ቀላል ነው ያልከው ምክንያት ምንድን ነው? ለእማዬ አልነገርኳትም።

እህትህ


የካቲት 23፣ እሁድ

እታለም፣

ደብዳቤሽን ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ስለ ሽማግሌው ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ። ምክንያቱን ልንገርሽ። አሰናብተውኛል። ያን ማስጌጫ የሚሠራውን ባለሙያ «ይሄ ነገር ከአንድ ስልክ ላይ ብቻ እንዴት ይወጣል?» ብዬ ጠየቅሁት። እሱ አለቃዬን ጠየቀው። አለቃዬ እኔን ምንም አልጠየቀኝም። ወንበሬ ላይ ማን እንደተቀመጠ አላውቅም። ለእማዬ አትንገሪያት፤ ወይም ንገሪያት፤ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ እንዳሰብኩት አልከፋኝም። ጠዋት ስነሳ ግን እጄ ራሱ ወደ ሸሚዜ ይሄዳል፤ ቁልፉን ሁሉ ቆልፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው የት ልሄድ እንደሆነ የምጠይቀው። ደግሞ እንደ ገና እፈታዋለሁ። ትናንትም እንዲሁ

ቆይ።

ትንፍሽ አላለም ነው ያልሽኝ? ምንም? የራሳችን ድርጅት እንኳ በየቀኑ አንድ መልእክት ሳይልክ አያድርም፤ እሱም አልመጣም?

«የመስመር አገልግሎት» ብለሽ የጻፍሽውን አሁን ነው ያየሁት። አንዴ አንብቤው አልፌው ነበር። እታለም፣ እሱ ተከራይ አይደለም። እሱ ጥሪ የሚያስገባው ነው። እንደነዚያ ሁሉ በድርጅቱ ስም ይጀምራል። «በድርጅቱ ስም የሚጀምሩትን» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ውስጥ እሱን ተይው ማለት ነበረብኝ። «አትስሚው፣ ለሁሉም እንዲያ ነው የሚለው» ያልኩሽም እኔ ነኝ።

የእማዬ ቁጥር ላይ ደወልኩ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልቻልንም» ትለኛለች። ይህችን ሴት ድምፅዋን ስትቀዳ አይቻታለሁ፤ ከቢሯችን በታች ባለው ክፍል፣ ሻይ እየጠጣች። ከጎረቤቴ ስልክ ደወልኩ። ያው ሴት ናት።

ዝም ያለው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ በዚያ መሀል ማን እንደደወለ፣ ከዚህ ተነስቶ ማወቂያ መንገድ የለውም። ወረቀቱን ትቼ አንቺ ጋ እየደወልኩ ነው። ይስሙ ከፈለጉ።


የካቲት 24፣ ሰኞ፣ የዓይን ሐኪም ቤት

ወንድሜ፣

የትናንቱን ደብዳቤህን ሾፌሩ ጠዋት ሰጠኝ። ጮኸህ ከነገርከኝ በኋላ ማንበቡ እንግዳ ነገር ነው፤ መጨረሻውን አውቆ መጀመሪያውን እንደመስማት። ስለ ጩኸቱ ይቅርታ ጠይቀኸኛል፤ እኔም ጮኼብሃለሁ፤ ተቻችለናል። ነጠላ ጫማህን እንደ አደረግህ አውቶቡስ እንዳትሳፈር። ጠብቅ። ከዚህ ወጥቼ እደውልልሃለሁ።

ትናንት ከአንተ ጋር አውርቼ እንደጨረስኩ ፎቶ ኮፒዋን ቤቷ ድረስ ሄጄ፣ ከምሳዋ አስነስቼ፣ ሱቋን አስከፈትኳት። ያን አንዱን ብቻ መመለስ አልተቻላትም። ላቧ በመነጽሯ ላይ እስኪወርድ ሞከረች። በመጨረሻ ስልኩን ከፋብሪካ እንደወጣ አደረገችው። ሁሉም ተመለሱ። ፈረሱ፣ አበባው፣ መንኮራኩሩ፣ ሁሉም፤ «እንኳን ደህና መጡ» እያሉ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ በፈረስ ደስ ብሎኝ ያውቃል፤ እሱም ትናንት ነው። ፎቶ ኮፒዋ ከራሷ ስልክ ደወለች፤ ጠራ። ከዚያ ፊቷን አዙራ «በዚህ መሀል ደውለው ከሆነስ?» አለች። 

ለእማዬ ነገርኳት። ሁሉንም፤ ያንተንም ጭምር።  ስላንተ «ያ ወንበርማ ወትሮም ወገቡን ያሳምመው ነበር» አለች። ጠዋት ሳልቀሰቅሳት ለብሳ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። «እንሂድና እንጠይቃቸው። ካልደወሉ አልደወሉም። ከደወሉም እኔ ነኝ ያላነሳሁት፤ ሰው ሲጠራ ያላነሳ ሄዶ ይጠይቃል» አለችኝ።

አሁን አግዳሚው ላይ ነን፤ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ ወለሉ ገና ተወልውሎ እርጥብ ነው። ፊት ለፊታችን አንድ ዓይኑ በጨርቅ የተሸፈነ ሰውዬ ተቀምጧል። አዲስ ነው ጨርቁ። ከተቀመጥን ጀምሮ እሱን ነው የማየው። ብሌኑ መቼ እንደተቀየረለት ልጠይቀው አፌ ድረስ ይመጣና ተመልሶ ይወርዳል። ቢነግረኝ ምን አደርገዋለሁ? ሚስቱ ብርቱካን እየላጠች ታጎርሰዋለች። ደግ ሰው ይመስላል። ይህንንም ባላየሁ።

ስልኩ እማዬ እጅ ላይ ይለፈልፋል። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየናል። ድምፁን ልቀንሰው አልኩ፤ አልደፈርኩም። የተረኞችን መዝገብ የምትይዘው ነርስ መጥታ የእማዬን ካርድ ወሰደች፤ ገባች። ስትወጣ ካርዱን እንጂ እኛን አላየችም። «ጠብቁ» አለችና ተመልሳ ገባች። «ጠብቁ» የሚለውን በስንት ዓይነት መንገድ ማለት እንደሚቻል ስቆጥር ነበር፤ የእሷ የቱ እንደሆነ አልያዝኩም። ፊቷ የደነገጠ አይደለም። የደስ ደስም የለውም። የሥራ ፊት ነው። አንተም ቢሮ ስትውል እንዲህ ያለ ፊት ነበረህ? አንድ ቀን መጥቼ ባይህ ኖሮ ይህን አነበው ነበር።

እማዬ ጆሮዋን ወደ በሩ አድርጋለች። ውስጥ ሰዎች ያወራሉ፤ እኔ አይሰማኝም፤ እሷ የሰማች ትመስላለች። ምን አሉ? አልኳት። ዝም በይ የሚል ምልክት በጣቷ ሰጠችኝ።

በሩ ተከፈተ። ነርሷ ናት። «እማማ፣ እርስዎ ብቻ ይግቡ» አለች። ተነስቼ ክንዷን ልይዝ ስል «እርስዎ ብቻ» ብላ ደገመችው፤ እኔን ሳታይ።

እማዬ ተነሳች። መቀነቷን አጠበቀች። ስልኩን ዳብሳ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቼን በላዩ ላይ አጠፈቻቸው።

«ያዥልኝ» አለችኝ። «ከደወሉ አንሺና ገብታለች በያቸው።»

ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ገባች። ነርሷ በሩን ዘጋችው።